«ባህላችን ነው» ከማለታችን በፊት

(የውጭና የአገር ውስጥ ሰራተኞች አብረው ለሚሰሩበት አንድ መስሪያ ቤት፣ በስራ ቦታ ስለ መነካካት ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ነካክቼዋለሁ። በመጨረሻ የተነሱትን ጥያቄዎችም ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። አንድ ነገር ላስቀድም። ዛሬ የመጣሁት ሰላምታ ልከለክላችሁ አይደለም። የንግግሩ ርዕስ ኮሪደሩ ላይ ሲለጠፍ «እንግዲህ መጨባበጥም ቀረ በሉኛ!» ያለ ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። አልቀረም። ተጨባበጡ።

እኛ መቼም የምንነካካ ሰዎች ነን። ጠዋት ቢሮ ስትገቡ እዩት። ሁለት ወንዶች እጅ ተጨባብጠው ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ። ሴቶቹ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፤ ሶስቴ ነው የሚባለው፣ ተነፋፍቀው ከሆነ ግን ማን ይቆጥራል። ወጣቱ ትልቅ ሰው ሲጨብጥ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደገፍ አድርጎ ጎንበስ ይላል። እጇ እርጥብ የሆነው የካፌዋ ልጅ አንጓዋን ትዘረጋለች። ሂጃብ የለበሰችው የሂሳብ ሰራተኛ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ ትላለች፣ ሰላምታውም በዚያው ያልቃል፣ የሚቀየም የለም። ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ምሳ ሲወጡ ዞር ብሎ የሚያያቸው አዲስ የመጣው ፈረንጅ ብቻ ነው።

ሲድኒ ጁራርድ የሚባል አሜሪካ ያስተምር የነበረ የስነ ልቦና ምሁር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካፌ ለካፌ እየዞረ አንድ አስቂኝ ቆጠራ አድርጎ ነበር። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ይነካካሉ? ፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን ላይ 180 ጊዜ። ፓሪስ 110። ፍሎሪዳ ጌይንስቪል 2። ለንደን ዜሮ። አዲስ አበባ አልመጣም፤ ቢመጣ ኖሮ ብዕሩ ያልቅበት ነበር። እንግዲህ የሳን ሁዋኑንና የለንደኑን ሰው አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አጠገብ ለአጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው። አንደኛው ቀዝቃዛ፣ ሌላኛው ደፋር ይባላል። ሁለቱም ግን አገራቸው እንዳሳደጋቸው ነው የሚኖሩት።

ይሄ ለአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚህ ነው። የአፍሪካ ህብረት እዚህ ነው። ኤምባሲው፣ እርዳታ ድርጅቱ፣ አየር መንገዱ አለ። የመንገድ ግንባታው ላይ ቻይናውያን፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ላይ ቱርኮችና ህንዶች አሉ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪያል ፓርክ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት ከገጠር ቀበሌ በቀጥታ የመጡ ወጣት ሴቶች ከእስያ ከመጡ ሱፐርቫይዘሮች ጋር ተገናኙ፣ ብዙ ጊዜ የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው። ቋንቋ ሲጠፋ እጅ ይናገራል። ስፌት ላይ ያለችው ልጅ ስትዘገይ «ቶሎ በይ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው ትከሻዋን ይገፋል፣ ክንዷን ይይዛል፣ ጨርቁን ከእጇ ይነጥቃል። እሱ ስራ እያስተማርኩ ነው ይላል። እሷ ደግሞ አባቷም እንደዚያ ይዟት አያውቅም።

እስካሁን ያልኩት ለሁላችሁም የሚጥም ይመስለኛል። «በቃ፣ የባህል ልዩነት ነው፣ እንቻቻል» ብለን ብንለያይ ደስ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን እዚህ ላይ አልስማማም።

ባህል ነው የሚባለው መልስ ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። እንዴት አወቅሽ ትሉኛላችሁ። መንገዱ ቀላል ነው፤ እጁ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። የተለማማጇን ልጅ ወገብ ይዞ ፎቶ የሚነሳው ኃላፊ ቦርድ ሰብሳቢዋን ወገቧን ይዞ ፎቶ ይነሳል? ከጸሐፊዋ ጋር ሲያወራ ክንዷን የሚደባብሰው ሰውዬ ሚኒስትሯ ስትመጣ እጁን የት ያደርገዋል? እኔ አይቻለሁ፣ ሁለት እጁን አጣምሮ ጨዋ ሆኖ ይቆማል። ልማድ ከሆነ ለሁሉም ነው። ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ልማድ ልማድ አይደለም፣ ስልጣን ነው። ናንሲ ሄንሊ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ባልቲሞር ውስጥ በአደባባይ ማን ማንን እንደሚነካ ተከታትላ ነበር። ያገኘችውም ይህንኑ ነው። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን፣ ወንዱ ሴቷን፣ ትልቁ ትንሹን ይነካል፤ በተቃራኒው የሚሆነው ያንሳል። እስቲ ነገ የአለቃችሁን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጉና «ዛሬ ደግሞ አምሮብዎታል» በሉት።

(ሳቅ ነበር። ከፊት የተቀመጡት አለቆች ግን ትንሽ ዘግይተው ነው የሳቁት።)

እኛ ጋ ደግሞ አንድ የተለየ መሸፈኛ አለን። «እንደ ልጄ ነው የማያት።» ይሄን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግራችሁም። «እንደ እህቴ ነች»፣ «ጋሼ እያለች ነው የምትጠራኝ»፣ «የአባት ነው»። መጠሪያው ጥሩ ነው፣ እኔም ጋሼ እላለሁ። ችግሩ ጋሼ ያለችው ልጅ «ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱ» ማለት አትችልም። አክብሮቱ ራሱ አፏን ይይዛታል። ልጄ ናት የሚለው ሰው ደግሞ ቤት ያለችው ልጁ ስራ ይዛ አለቃዋ እንዲህ ቢያደርጋት ምን እንደሚል ጠይቁት። ዘራፍ ነው የሚለው።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። ልጅቷ ኮምፒውተር ላይ ናት። ኤክሴል ላይ አንድ ቁጥር አልመጣ ብሏታል። ኃላፊዋ «ቆይ ላሳይሽ» ብሎ ከኋላዋ ይመጣል። ግራ እጁ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ነው፣ ቀኝ እጁ ማውሱን ይይዛል፣ ማውሱ ላይ ግን የእሷ እጅ አለ። እጇን ቶሎ ትስባለች። ጎንበስ ሲል ትንፋሹ አንገቷ ላይ ነው። ወደፊት ትጠጋለች፣ ደረቷ ጠረጴዛውን ነካ። እሱ ስለ ቀመሩ ያወራል፣ ቀመሩም ትክክል ነው። እሷ አልሰማችውም። «ገባሽ?» ይላታል። «አዎ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች፤ ፈገግ ብላ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ካሜራ ቢኖር እንኳ የሚታይ «ጥፋት» የለም። በማግስቱ ግን ቁጥር ሲያስቸግራት አትጠይቅም፣ ተሳስታ ትልካለች፣ በዓመቱ መጨረሻ የስራ ግምገማዋ ላይ «ትኩረት ይጎድላታል» ተብሎ ይጻፋል።

ያቺን ፈገግታ ልብ በሉልኝ። ከውጭ ለመጣችሁ በተለይ። እኛ ስናፍር እንስቃለን። ስንደነግጥ እንስቃለን። ትልቅ ሰው ሲያስቀይመን አንገታችንን ደፍተን «ችግር የለም» እንላለን። ይሉኝታ ይባላል፣ ገና ጡት ሳንጥል የምንማረው ነው። ከስዊድን ወይም ከሆላንድ የመጣ ሰው «ባትወደው ኖሮ ትናገር ነበር» ብሎ ያስባል፣ እሱ አገር ሰው ይናገራላ። እዚህ ግን ዝም ያለች ሴት ምንም አልፈቀደችም። ገና መልስ አልሰጠችም ማለት ነው። መልሱን ከፈለግህ ሰውነቷን እይ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላለች? ፋይሉን ደረቷ ላይ ታቅፋለች? ከአንተ ጋር ሊፍት ላለመግባት በደረጃ ትወርዳለች?

ይሉኝታ የኛ ብቻ ነው እንዳትሉ ደግሞ አንድ ዓለም ያየውን ልጥቀስ። ነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.)፣ ሲድኒ። ስፔን እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸንፋ የሴቶች ዓለም ዋንጫን ወሰደች። ሜዳሊያ ሲሰጥ የስፔን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሉዊስ ሩቢያሌስ የተጫዋቿን የጄኒ ኤርሞሶን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ከንፈሯን ሳመ። በስታዲየም ሙሉ ሰው ፊት፣ በቀጥታ ስርጭት። መልበሻ ክፍል ገብታ እየሳቀች «አልወደድኩትም» አለች። እየሳቀች! በኋላ ደግሞ ቡድኑ አውቶቡስ ውስጥ ስለ መሳሙ ሲቀልድና ሲስቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣና «ይኸው፣ ደስ ብሏት ነበር» ተባለ። ሰውየውም ፈቅዳልኝ ነው አለ። እሷ አልፈቀድኩም አለች። የካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ማድሪድ ያለው ፍርድ ቤት በወሲባዊ ጥቃት ጥፋተኛ ብሎ 10,800 ዩሮ ቀጣው፣ እንዳይቀርባትም አዘዘ። ፈቅጄ ነው እንድትል ጫና አድርጓል ከተባለው ክስ ነጻ ወጥቷል፣ ይሄም መነገር አለበት። ስፔን መሳሳም ብርቅ የሆነበት አገር አይደለም። ሁለት ጉንጭ ይሳሳማሉ፣ እንደኛው ናቸው። ያም ሆኖ ባህሉ ሰውየውን አላዳነውም፤ ምክንያቱም እሱ የፌዴሬሽኑ አለቃ ነበር፣ እሷ ደግሞ ጭንቅላቷ ተይዟል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደ ጉዳይም አለ። ስዊድን ኡፕሳላ ውስጥ አንዲት ወጣት ሙስሊም ለአስተርጓሚነት ስራ ቃለ መጠይቅ ትሄዳለች። ጠያቂው ወንድ እጁን ሲዘረጋ እሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላም አለችው፣ በሃይማኖቴ ምክንያት ከወንድ ጋር አልጨባበጥም ብላ አስረዳች። ቃለ መጠይቁ እዚያው ተቋረጠ። የኩባንያው መከራከሪያ እንዲሁ የሚናቅ አልነበረም፤ ወንድና ሴትን እኩል የማያይ ሰላምታ አንቀበልም ነው ያለው። የአገሪቱ የስራ ፍርድ ቤት በ2018 (እ.ኤ.አ.) የሰጠው ውሳኔ ግን ለኔ ብልህ ነው። እኩልነትን መጠየቅ መብትህ ነው፣ እኩልነት በመጨባበጥ ብቻ ይገለጽ ማለት ግን አትችልም አለው። 40,000 ክሮነር ካሳ ተፈረደላት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለነው ደግሞ ነገሩ ቀለል ይላል። የሂሳብ ክፍሏን ባልደረባችንን ለስንት ዓመት በደረት ሰላምታ ስናልፋት ኖረናል፣ ምን ጎደለብን?

ሶስተኛ ጉዳይ ልጨምር፣ ወንዶችን ስለሚመለከት። ብዙ ሰው ይሄ ጉዳይ የሴቶች ብቻ ይመስለዋል። በአሜሪካ የሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ ላይ፣ የባህር ዳርቻ ነዳጅ ማውጫ ውስጥ የሚሰራ አንድ ወንድ በወንድ ባልደረቦቹ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶበት ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ዳኞቹ በሙሉ ድምጽ ወንድ በወንድም ቢሆን ሕጉ ይመለከተዋል አሉ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንድ ምሳሌ ሰጡ። አሰልጣኙ ተጫዋቹን ወደ ሜዳ ሲያስገባው መቀመጫውን ቸብ ቢያደርገው ችግር የለም፤ ቢሮ ተመልሶ ጸሐፊውን፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እንደዚያው ቸብ ቢያደርግ ግን ሌላ ነገር ነው። እጁ ያው ነው። ቦታው፣ ሰዓቱና የሁለቱ ግንኙነት ግን ያው አይደለም። እኛም እኮ ይሄን እናውቀዋለን። ለቅሶ ቤት የምናቅፈውን ሰው ሚቲንግ ላይ አናቅፈውም።

ወደ ሕጋችን ልምጣ፣ አሰልቺ ስለሆነ በአጭሩ። የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን አንቀጽ 2 ላይ ይተረጉማል፣ አንቀጽ 14 ላይ አሰሪውንም ሰራተኛውንም ይከለክላል። አሰሪው ወይም የስራ መሪው ይህን ካደረገባት ሰራተኛዋ በአንቀጽ 32 መሰረት ያለ ማስጠንቀቂያ ስራ ትታ መሄድ ትችላለች። ጥሩ ነው። ነገር ግን ትርጉሙን ስታነቡት ትኩረቱ ሌላውን ሰው ያለፍላጎቱ ለወሲብ ማግባባት ላይ ነው። ሃይል ሲጨመርበት ወይም ሲሞከር ጥቃት ይሆናል። ታዲያ ያ ከኋላ ጎንበስ ያለው የኤክሴል አስተማሪ የት ይገባል? ምንም አልጠየቃትም። አላስገደዳትም። በጠበቃ ፊት ብታቆሙት «ስራ እያሳየኋት ነበር» ብሎ ይወጣል። የዓለም የስራ ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 ሰፋ ይላል፤ ጉዳት ያስከተለ ወይም ሊያስከትል የሚችል ተቀባይነት የሌለው ድርጊት አንድ ጊዜም ቢፈጸም ይበቃል ይላል። ሰራተኛ ብቻ ሳይሆን ተለማማጁም፣ በጎ ፈቃደኛውም፣ ስራ ፈላጊውም ውስጡ አለ። በነገራችን ላይ የቤት ሰራተኞች ከአዋጃችን ውጭ ናቸው። አረብ አገር ስላሉት እህቶቻችን ስናወራ እንባ ይቀድመናል፣ ጓዳችን ስላለችው ልጅ ግን ማን ያወራል? ይሄ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል፣ ልለፈው።

እና ሕጉ የማይደርስበትን ቦታ የሚሞላው የመስሪያ ቤቱ የስነ ምግባር ደንብ ነው። ደንብ የሌለበት ቤት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ህብረት ኮሚሽን የሴት ሰራተኞች አቤቱታ ከደረሰው በኋላ አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ውጤቱን ራሱ ይፋ አድርጓል። ወሲባዊ ትንኮሳ አለ፣ የሚፈጽሙት አለቆች ናቸው፣ ይበልጥ የተጋለጡትም የአጭር ጊዜ ኮንትራት ያላቸው፣ ወጣት በጎ ፈቃደኞችና ተለማማጆች ናቸው ብሏል። በተለይም ለስራ ከመስሪያ ቤት ውጭ ሲኬድ። እናንተም ፊልድ ትወጣላችሁ። ፊልድ ላይ አበል አለ፣ ሆቴል አለ፣ ማታ ቢራ አለ፣ ኮንትራቷ ሰኔ ላይ የሚያልቅባት ልጅም አለች። ኮንትራቱን የሚያድሰው ሰው እጁን ትከሻዋ ላይ ሲያደርግ ምን ትበል?

ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ አለቆች ጋ ነው የምጀምረው። እጅህን ቀድመህ አትዘርጋ፣ ወይም ከዘረጋህ ከክንድህ ርዝመት አትጠጋ። እሷ መርጣ ትምጣ። ስክሪን ላይ ማሳየት ካለብህ ወንበር ሳብና ጎኗ ቁጭ በል፣ ወይም «ተነሺ እስቲ» በልና ቦታውን ውሰድ። ሰው «አትንካኝ» ካለህ መልሱ አንድ ነው፦ «እሺ፣ ይቅርታ።» በቃ። ባህልህን አትተርክላት። «እኔ እኮ እንደዚያ አስቤ አይደለም» ብለህ ሃያ ደቂቃ አታቁማት፣ ያን ጊዜ እሷ አንተን ማጽናናት ትጀምራለች። ከዚያ ደግሞ አታኩርፍ። ማኩረፍ የኛ ትልቁ በሽታ ነው። ሰላምታ መንፈግ፣ ኢሜይል አለመመለስ፣ ከስልጠና ዝርዝር ስሟን ማውጣት፣ ይሄ ሁሉ ቅጣት ነው፣ ደንቡም በቀል ይለዋል።

አጠገብ ያለን ሰዎችስ? ስናይ እንስቃለን፣ ወይም ስልካችንን እናያለን። ጀግና ሁኑ አላልኩም። «እየሩስ፣ አንዴ ነይ እስቲ፣ ይሄን ፋይል» ብሎ ልጅቷን ከዚያ ማውጣት ይቻላል። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም፣ ማንም አይጣላችሁም።

ከጥያቄዎቹ ሶስቱን ላስቀምጥ።

አንድ ወጣት «ጉርሻስ?» አለ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ያጎረሱት ሰው እምቢ ማለት ነውር የሆነበት አገር ስለሆነ ነው ጥያቄው የሚከብደው። መልሴ፦ አጉርሱ፣ ግን አፏ ድረስ ሳትወስዱ እጃችሁን መሃል ላይ አቁሙና ዓይኗን እዩ። ወደፊት ከመጣች አጉርሷት። «በእጄ» ብላ ከተቀበለች ስጧት። «ጠግቤያለሁ» ካለች ደግሞ «በሞቴ» አትበሉ። የስራ ምሳ ላይ በሞቴ የሚባል ነገር የለም።

አንድ የውጭ ዜጋ በአስተርጓሚ «እኔ ግራ ገብቶኛል፣ ሰራተኞቼ እየተቃቀፉ ነው የሚውሉት፣ እኔ ብቻዬን እንደ ግንድ መቆም አለብኝ?» ሲሉ ጠየቁ። ቅሬታቸው ይገባኛል፣ መገለል ይመስላል። ግን እርስዎ ፈራሚ ነዎት። የደመወዝ ጭማሪ የሚፈርም ሰው ሲያቅፍና የወር ደመወዝተኛ ሲያቅፍ አንድ አይደለም። እነሱ ሲያቅፉዎት ይቀፉ። ቡና አብረው ይጠጡ፣ ለቅሶ ይድረሱ፣ ልጅ ሲወለድ ገንፎ ይሂዱ። እዚህ አገር ለመቀራረብ መንገድ አይጠፋም።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከኋላ ወንበር ነው የመጣችው። «የምናመለክትበት ሰው ራሱ ቢሆንስ?» ጸጥ አለ። በመጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ በዚያው ቀን ጻፉ፣ መልዕክቶችን አታጥፉ፣ ለአንድ ለምታምኑት ሰው በወቅቱ ንገሩ አልኳት፣ ኋላ ምስክር የሚሆነው እሱ ነው። ሁለተኛው ነገር ግን የእሷ ስራ አይደለም። ከመምጣቴ በፊት ደንባችሁ ተልኮልኝ አንብቤዋለሁ። አቤቱታ ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው። እሱ በሌለበት ወይም ተከሳሹ እሱ ሲሆን ወዴት እንደሚኬድ አንድም መስመር የለውም። ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፣ ቢቻል ሴት፣ ቢቻል ከሌላ ቅርንጫፍ፣ ስልኳም አብሮ የተጻፈ። ዋና ስራ አስኪያጁ ፊት ለፊቴ ስለነበሩ ማይኩን ሰጠኋቸው። «በሚቀጥለው የማኔጅመንት ስብሰባ እናየዋለን» አሉ። «መቼ ነው?» አለች ልጅቷ ከኋላ።